አሥራ አንድ ቁልፍ ያለው ሹራብ

ጋሼ ሰዓት ላፕቶፑን ሲከፍት አጠገቡ ቁጭ ብሎ አይጠብቅም። ማስነሻውን ይጫንና ይነሣል፤ ፊቱን ይታጠባል፣ ሸሚዙን ይተኩሳል፣ ሻይ ጥዶ፣ አፍልቶ፣ ጠጥቶ ይመለሳል። ሲመለስ ያቺ ክብ ነገር ስክሪኑ መሀል ላይ ገና ትዞራለች። ማን እንደቀጠራትና መቼ እንደምታርፍ የሚያውቅ የለም። ያን ማክሰኞ ጠዋት ሁለተኛውን ሻይ ጠጥቶ ሲመለስም እየዞረች ነበር።

ጋሼ ሰዓት የሚለውን ስም ያወጡለት የሥራ ባልደረቦቹ ናቸው። ጂኦግራፊ ሲያስተምር ሃያ ሦስት ዓመት ሆኖታል፤ በጂኦግራፊ ግን የሚያነሣው ሰው የለም። የሚነሣው በድልድሉ ነው። የትኛው መምህር፣ በየትኛው ቀን፣ በስንተኛው ክፍለ ጊዜ፣ የትኛው ክፍል እንደሚገባ ለአሥራ አራት ዓመት ያወጣው እሱ ነው። አርባ ሁለት መምህርና ሃያ ስድስት ክፍል አንዱ ካንዱ ሳይላተም ዓመቱን የሚጨርሰው በሱ ሰንጠረዥ ነው።

ድልድል ማለት ባዶ ሣጥን ሞልቶ መስጠት የሚመስለው ሰው አለ፤ ያ ሰው ደረጃው ላይ ቆሞ አያውቅም። ጋሼ ሰዓት ግን በየዓመቱ ትምህርት ቤት ሊከፈት ሲል ደረጃው ላይ ይቆማል፤ መምህራኑም አንድ ባንድ እየመጡ በጆሮው ይነግሩታል። የታሪክ መምህሩ ሽማግሌ ናቸው፤ ጉልበታቸው ሦስተኛ ፎቅ አይወጣም፤ ይህን ለአለቃ ከሚናገሩ ግን ፎቁ ላይ ወድቀው ቢቀሩ ይመርጣሉ። የኬሚስትሪ መምህሩና የእንግሊዝኛ መምህርቷ ተጫጭተው የተዉ ናቸው፤ ሁለቱ ባንድ ክፍለ ጊዜ ክፍት ከሆኑ የመምህራን ማረፊያው ለሌላ ሰው አይበቃም። የባዮሎጂ መምህርቷ በሦስተኛው ክፍለ ጊዜ እህቷ ቤት ደርሳ፣ ልጇን አጥብታ ትመለሳለች። የስፖርት መምህሩ ከምሳ በኋላ የማይገባበት ምክንያት አለ፤ ምክንያቱን የሚያውቁት ሁለት ሰዎች ናቸው፤ ሁለተኛው ጋሼ ሰዓት ነው። ይህ ሁሉ ሰንጠረዡ ላይ በቀለም እንጂ በቃል አልተጻፈም። የቀለሙ ፍቺ ያለው በሱ ሆድ ውስጥ ነው።

ዘንድሮ ግን ነገሩ ተበላሸ። ትምህርት ሰኞ ይጀመራል፤ ድልድሉ ዓርብ በአራት ሰዓት ርዕሰ መምህርቷ ጠረጴዛ ላይ መድረስ አለበት፤ እስከ ማክሰኞ ጠዋት የተደለደሉት መምህራን ግን አሥራ ዘጠኝ ብቻ ናቸው። አንድ ክፍለ ጊዜ ከሰኞ ወደ ረቡዕ ባዛወረ ቁጥር ላፕቶፑ እንደ ሽማግሌ ሸንጎ ይመክርበታል። ተመካክሮ ጨረሰ ሲባል ደግሞ ቀጠሮ ይሰጣል።

የሚረከበው ሰውም ተዘጋጅቷል። አዲሱ የሒሳብ መምህር በመጀመሪያው ስብሰባ ላይ እጁን አውጥቶ፣ ለዚህማ ፕሮግራም አለ፣ በአምስት ደቂቃ ያወጣዋል ብሎ ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ እናቱ ያወጣችለትን ስም የጠራው የለም፤ አምስት ደቂቃ ተብሎ ቀረ። ክፉ ልጅ አይደለም። ክፉ ቢሆንማ ነገሩ ይቀል ነበር። ርዕሰ መምህርቷም ባለፈው ሳምንት ጋሼ ሰዓትን አስጠርታ፣ "መምህር፣ ዓርብ አራት ሰዓት። ካልደረሰልኝ ለልጁ እሰጠዋለሁ፤ ከሰጠሁት ደግሞ መልሼ አልቀበለውም" ብላዋለች።

ድልድሉ ከእጁ ቢወጣ ምን እንደሚቀረው ጋሼ ሰዓት አስቦታል። ጂኦግራፊ ይቀረዋል። በጆሮው የተነገሩት ነገሮች ደግሞ ወይ ለፕሮግራሙ ተብለው ተጽፈው አለቃ ታነባቸዋለች፣ ወይ ሳይጻፉ ቀርተው ሽማግሌው ሦስተኛ ፎቅ ሲወጡ ይከርማሉ።

ሚስቱ ወደ ሥራዋ ልትወጣ ጫማዋን እያሰረች፣ ራሙ ነው አለችው። መድኃኒት ቤት ነው የምትሠራው፤ የመድኃኒት ቤቱ ኮምፒውተር በዚሁ ሕመም ተይዞ ራም ተጨምሮለት ድኗል። ራም ማለት፣ እንደ እሷ አባባል፣ ኮምፒውተሩ ሥራውን ዘርግቶ የሚሠራበት ጠረጴዛ ነው፤ ጠረጴዛው ከጠበበ አንዱን ሳያነሣ ሌላውን አያስቀምጥም።

"ያንተ ደግሞ" አለችው፣ "ጠረጴዛም አይደለም፤ በርጩማ ነው።"

ሐኪሙ የሚባለው ጠጋኝ ከአንድ ሕንፃ ደረጃ ሥር ነው የሚሠራው። ነጭ ጋዋን ይለብሳል፣ ግንባሩ ላይ መብራት ያስራል፤ ስሙም ከዚያ የመጣ ነው። ጋሼ ሰዓት ስለ ላፕቶፑ፣ ስለ ክቧ ነገር፣ ስለ ሻዩና ስለ ዓርብ አስረዳው። ሐኪሙ እየሰማ ራሱን ነቀነቀና በሽተኛው የት እንዳለ ጠየቀ።

"ቤት ነው" አለ ጋሼ ሰዓት። "ከባድ ነው።"

አልዋሸም። የከበደው ግን ላፕቶፑ አልነበረም።

ነገሩ እንዲህ ነው። አማቱ ከነሱ ጋር መኖር ከጀመሩ ሦስት ዓመት ሆኗቸዋል። ኪሮሽ ይሠራሉ፤ በእጃቸው ክርና መርፌ ካለ ቤቱ ውስጥ ራቁቱን የሚቀር ዕቃ የለም። ቴሌቪዥኑ ዳንቴል ደርቧል፣ የማቀዝቀዣው እጀታ ጓንት አለው፣ ሪሞቱ እንኳ ካልሲ ለብሶ ነው የሚውለው። ታዲያ እንደመጡ ሰሞን ጋሼ ሰዓት ጥፋት አጠፋ። ዓይናቸውን ሊታከሙ በሄዱበት ቀን ቤት ላጽዳ ብሎ፣ ካልተመታ የማይናገረውን አሮጌ ራዲዮናቸውን ለአሮጌ ዕቃ ሰብሳቢ ሰጠው። ራዲዮውን ለሠላሳ ዓመት የመቱት እሳቸው ነበሩ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሁለት ዓመት ሙሉ አላናገሩትም። ፊት ለፊቱ ተቀምጠው ለልጃቸው፣ ባልሽን ጨው አቀብል በይው ይላሉ። ልጃቸውም ዞር ብላ፣ ጨው አቀብል ትለዋለች። እሱም ያቀብላል። ጨው እንዲህ ዞሮ የሚመጣበት ቤት ውስጥ ሰው አልጫ መብላት ይለምዳል።

ባለፈው ዓመት አንድ እሑድ ግን ጠረጴዛው ላይ አንድ ነገር አስቀመጡለት። ለላፕቶፑ የተሠራ ሹራብ ነው። ሮዝ ነው፤ ዳር ዳሩ ነጭ አበባ አለው፤ ክዳኑ ላይ "መምህር" የሚል ተጠልፎበታል። ሆዱን፣ ጎንና ጎኑን፣ ጀርባውን ይሸፍናል፤ ስክሪኑና ፊደሎቹ ብቻ እንደ ሕፃን ፊትና እጅ ብቅ ብለው ይቀራሉ። አሥራ አንድ ቁልፍ አለው። አሥራ አንዱንም ራሳቸው ቆለፉና፣ በሁለት ዓመት ውስጥ የመጀመሪያ የሆነውን ቃል ተናገሩት።

"ብርድ እንዳይመታው" አሉ።

ጋሼ ሰዓት ያን ቀን ዕንባው መጥቶ ነበር። ከዚያ ወዲህ ላፕቶፑ ልብሱን አውልቆ አያውቅም። ቁልፍ ፈትቶ መተው እርቅ ፈትቶ መተው ነው፤ አማቱ ደግሞ ባለፉ ባገደሙ ቁጥር ይቆጥራሉ። ለብሶ ከቤት እንዲወጣም ጋሼ ሰዓት ፈቅዶ አያውቅም፤ ድልድሉን በፍላሽ ይዞ ሄዶ ትምህርት ቤት ነው የሚያትመው። ሮዝ ሹራቡን ያየ መምህር የለም፤ እንዳያይም እግዜርን ለምኗል።

ስለዚህ ሐኪሙ በሽተኛውን ሳያይ፣ በቤተሰብ ቃል ብቻ መድኃኒት አዘዘ። ከመሳቢያው አንድ ረጅም ቀጭን ነገር አውጥቶ በጋዜጣ ጠቅልሎ ሰጠውና፣ ሆዱ ላይ ትንሽ ክዳን አለች፣ ሁለት ብሎን ፈትተው ይሰኩት፣ ሕፃን ልጅም ይሰካዋል አለው።

ሚስቱ ለምሳ ስትመጣ ጠረጴዛው ላይ ንጹሕ አንሶላ ዘረጉና ላፕቶፑን ገለበጡት። አማቱ ከወንበራቸው ሳይነሡ በዓይናቸው ይከታተላሉ። ከአሥራ አንዱ ቁልፍ አራቱን ብቻ ፈቱ፤ ሹራቡን እንደ ሸሚዝ ጫፍ ገለብ አድርገው ክዳኗን አገኟት። ሚስቱ ሁለቱን ብሎኖች የመድኃኒት ፖስታ ውስጥ ከታ፣ ከላዩ "2 ፍሬ" ብላ ጻፈችበት። የሥራ ልማድ ነው። ጋሼ ሰዓት ጋዜጣውን ፈታ። ዕቃው ከቦታው በእጥፍ ይረዝማል። በቀኝ ሞከረው፣ በግራ ሞከረው፣ ትንፋሹን ይዞ ሞከረው።

"ጉልበትህ አይደለም ያነሰው" አለችው ሚስቱ። "ይሄ የዚህ አይደለም።"

ተመልሶ ሄደ። ሐኪሙ ዕቃውን አየና፣ ይሄማ የትልቁ ኮምፒውተር ነው፤ ላፕቶፕ መሆኑን አልነገሩኝም እኮ አለ። ጋሼ ሰዓት ላፕቶፕ የሚለውን ቃል ስንት ጊዜ እንዳለው በልቡ ቆጠረ፤ አራት ጊዜ ብሏል። ትክክለኛው ዕቃ ከሌላ ሱቅ መምጣት ስላለበት በማግስቱ ተቀጠረ። ማክሰኞ እንዲሁ አለፈች፤ አሥራ ዘጠኙ ሃያ አንድ ሆኑ።

ረቡዕ ጠዋት አጭሩ ራም መጣ። ገባ፤ ጠቅ አለ። ጋሼ ሰዓት ማስነሻውን ተጭኖ፣ እንደ ልማዱ ሻይ ሊጥድ ተነሣ። ውኃው ድምፅ ሳያሰማ ላፕቶፑ ተነሣና ቁጭ አለ። ማመን አቃተው። እሳቱን አጥፍቶ ሮጦ ተቀመጠ፤ ሽማግሌውን ወደ ምድር ቤት አወረደ፣ ኬሚስትሪን ከእንግሊዝኛ ለየ፤ ሣጥኖቹ ዶሮ እንዳገኘችው ጥሬ ይለቀማሉ። አማቱ ከኋላው መጥተው የተፈቱትን አራት ቁልፎች አንድ ባንድ ቆለፉ። እሱም እጁን ከፍ አድርጎ አመቻቸላቸው።

በአሥራ ሁለተኛው ደቂቃ ላይ ላፕቶፑ ቆመ። ቆመ ሲባል አልሞተም፤ መኖሩንም አልገለጸም። ክቧ ነገር ዕረፍቷን ጨርሳ ተመለሰች።

ጋሼ ሰዓት ሰው ነውና መጀመሪያ ታገሠ። ከዚያ ማውሱን አነሣና አስቀመጠ። ከዚያ አነሣውና ትንሽ ጠንከር አድርጎ አስቀመጠው። አማቱ በዚህ መሀል እጃቸውን ዘርግተው፣ በመዳፋቸው ጀርባ የላፕቶፑን ጎን ዳሰሱት።

"ይሄ ልጅ ትኩሳት አለው" አሉ።

ማሽን ሲሠራ ይሞቃል፣ እማማ፤ ያለ ነው አላቸው። ሚስቱም የመድኃኒት ቤቱም ይሞቃል ስትል ደገፈችው። አማቱ ሁለቱንም በየተራ አዩ። ጓዳ ገብተው የራሳቸውን ወፍራም ነጠላ ይዘው መጡና፣ ያልበው ብለው ደረቡለት።

እኩለ ቀን ላይ ሐኪሙ ዘንድ ነበር፤ በእጁ ራሙን ብቻ ይዟል። ሐኪሙ ዕቃውን ወደ ብርሃን አንሥቶ አየና፣ አንዳንዱ ራም እንዲህ ነው፣ ሲሞቅ ይከዳል አለ፤ ለወጠለት። ሁለተኛውም ገባ፣ ጠቅ አለ፣ ተነሣ፣ ሮጠ። ጋሼ ሰዓት የግድግዳውን ሰዓት እያየ ሠራ። አሥራ ሁለት ደቂቃ። ዐረፍ አድርጎ እንደገና ሞከረው፤ ለመሮጥ አንድ ሰዓት ይተኛል፤ የሚሮጠው ግን አሥራ ሁለት ደቂቃ ብቻ ነው። ሰውየው በሕይወቱ ሙሉ ሰዓት ያልደለደለለት ነገር ቢኖር ይሄ ላፕቶፕ ነበር፤ እሱ ግን የራሱን ድልድል አውጥቷል።

ረቡዕ ሲመሽ የተደለደሉት ሠላሳ አንድ ደረሱ። ሐሙስ ጠዋት ሠላሳ አንድ ነበሩ፣ ሐሙስ ረፋድም ሠላሳ አንድ። የስፖርት መምህሩን ከምሳ በኋላ አንሥቶ ወደ ጠዋት ሲያዛውረው፣ ስፖርት መንገድ ላይ ቀረ፤ ከሣጥኑ ወጥቷል፣ ሌላው ሣጥን ውስጥ አልገባም። ጋሼ ሰዓት ጠረጴዛውን በጡጫ መታው። ብዕሮቹ ዘለሉ፤ አማቱ ከክራቸው ቀና አሉ። እንዲህ ሲመታ ያዩት ዕቃ ያ ራዲዮ ብቻ ነበር፤ እሱም በእሳቸው እጅ።

ሚስቱ ፈቃድ ጠይቃ ቤት ቀርታ ነበር። ጠጋ ብላ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። በሽተኛውን ቤት አስተኝቶ መድኃኒት ስጡኝ የሚለኝን ሰው በቀን ስንቱን እመልሳለሁ መሰለህ አለችው። ዛሬ ሐሙስ ነው። ተሸክመኸው ሂድ።

"ሹራቡስ?"

ወደ እናቷ አየች። "ከነሹራቡ።"

በሩ ላይ ሲደርስ ሊፈታው አስቦ ነበር። አማቱ ግን እስከ ደጅ ሸኙት፤ የላላችውን ሰባተኛ ቁልፍ አጠበቁና፣ ነፋስ አለ፣ አቅፈህ ያዘው አሉት።

ሐኪሙ ጋ ሁለት ሰው ተቀምጦ ነበር። አንዷ የማያውቃት ሴት ናት። ሌላው መስታወቱ የተሰነጠቀ ስልክ የያዘው አምስት ደቂቃ ነው። ብድግ ብሎ፣ ጋሼ ይቀመጡ አለ። ጋሼ ሰዓት መመለስ አማረው፤ ነገር ግን ሐኪሙ ላፕቶፑን ከእቅፉ ተቀብሎ ጠረጴዛው ላይ አኑሮታል፤ የግንባሩ መብራት ሮዝ ሹራቡ ላይ አርፏል።

"የማን ነው ልብሱ?" አለ ሐኪሙ።

"የአማቴ።"

"ይለብሱታል?"

"የሠሩት ናቸው።"

ሐኪሙ ከዚህ በላይ አልጠየቀም። አሥራ አንዱን ቁልፍ አንድ ባንድ ፈታ፤ ሰባተኛው አስቸገረው። ሴትየዋ ኪሮሹን አይታ አበባው እንዴት ደስ ይላል አለች፤ ከልቧ ነበር። ከዚያ ሐኪሙ ትንሿን ክዳን ሳይሆን ሙሉውን ጀርባ ፈትቶ አነሣ። ወረንጦ ፈለገ። ወረንጦውን ማሽኑ ውስጥ ካለችው ማራገቢያ ላይ አስገብቶ ጎተተ፤ የተጎተተው ነገር መጣ፣ መጣ፣ አሁንም መጣ። የጫጩት ያህል የክር ጉንጉን ነው። ሮዝ ነው። መሀሉ ላይ ነጭ አለበት።

"ጋሼ" አለ ሐኪሙ፣ "ይሄ ማሽን ዋናው ሕመሙ ራም አይደለም። አፍንጫው ተደፍኗል። አየር ሲያጣ ይግላል፣ ሲግል እንዳልቃጠል ብሎ ሥራውን ያቀዘቅዛል።"

"ታዲያ ሦስት ራም ለምን ሰጠኸኝ?"

"እርስዎ ቀስ ይላል አሉኝ። ሹራብ ለብሷል አላሉኝም።"

አምስት ደቂቃ አልሳቀም። ቢስቅ ይሻል ነበር። ሐኪሙ ማሽኑን ገጥሞ ሲያስነሣው ድልድሉ ተከፈተ፤ ልጁ አጎንብሶ በአክብሮት ዐየው። ካስፈለገ እኔ ላግዝዎት አለ፤ ማን ምን ሰዓት እንደማይችል ብቻ ከነምክንያቱ ይጻፉልኝ፤ ፕሮግራሙ ምክንያት ባይጠይቅ እንኳ ርዕሰ መምህርቷ መጠየቃቸው አይቀርም።

"ምክንያት የለውም" አለ ጋሼ ሰዓት።

"እነዚህ ቀለሞችስ?"

"እንዲያምር ነው።"

ጉንጉኑን ጠረጴዛው ላይ መተው አላስቻለውም፤ አንሥቶ ሸሚዙ ኪስ ውስጥ ከተተው። ሹራቡን አጣጥፎ በፌስታል ያዘ። በመንገዱ ላይ ለአማቱ የሚነግረውን አዘጋጀ። ሐኪሙ ለጥቂት ቀን አየር ያግኝ ብሏል፤ ዓርብ ካለፈ በኋላ ይለብሳል። ደህና ውሸት ነው። ሦስት ጊዜ ለራሱ አለው፤ በሦስተኛው እሱም አመነው።

አማቱ በሩ ላይ ቆመው ነበር። ላፕቶፑ ራቁቱን በብብቱ ሥር ሲመጣ አዩት። ጋሼ ሰዓት አፉን ሳይከፍት እጃቸውን ዘርግተው በመዳፋቸው ጀርባ ጎኑን ዳሰሱ።

"ትኩሳቱ ለቆታል" አሉ።

"ሐኪሙ ለጥቂት ቀን..." ብሎ ጀመረ።

ዓይናቸው የታከመ ነው፤ ከሸሚዙ ኪስ ብቅ ያለውን ሮዝ ነገር አይተውታል። መዘው አወጡት። በሁለት ጣታቸው ፈተል ፈተል አደረጉት፣ ነጩን ከሮዙ ለዩት። የራሷን ክር የማታውቅ ሴት የለችም። ከየት ነው የወጣው ብለው አልጠየቁም።

"አንተን ሁለት ዓመት ዘጋሁህ፤ ምንም አልሆንክ" አሉ። "ይሄን አንድ ዓመት ባለብሰው ታፍኖ ሊሞት።"

"አልሞተም፣ እማማ። ደክሞት ነው።"

"አንተስ አፍ የለህም? ሲግል ይውለቅ አይባልም?"

 አርባ ሁለት ሰው የማይነገረውን በጆሮው የሚነግረው ሰው፣ አንድ የሚነገር ነገር ለአንዲት ሴት መናገር አቅቶት ዓመት ሞላው። እንዳይከፋዎት ብዬ ነው አለ በመጨረሻ። አማቱ ሹራቡን ከፌስታሉ አውጥተው አራገፉት፣ ቁልፎቹን ከአንድ እስከ አሥራ አንድ ቆጠሩ፣ ሁሉም አሉ።

"ይታጠባል" አሉ። "ራዲዮ ቢኖረኝ ለሱ ይሆነው ነበር።"

ሚስቱ ውኃ እየጠጣች ነበር፤ ትን አላት።

ከዚያ ወዲያ ጋሼ ሰዓት ተቀመጠ። ራሙም በከንቱ አልገባም፤ ላፕቶፑ እሱ ፊቱን እስኪታጠብ እንኳ ሳይጠብቅ ተነሣ። አሥራ ሁለተኛው ደቂቃ ሲመጣ እጁን ከማውሱ ላይ አንሥቶ ሰዓቱን አየ። አሥራ ሦስተኛው መጣ። ሃያኛው መጣ። ስፖርት ከመንገድ ተነሥቶ ጠዋት ሁለተኛው ክፍለ ጊዜ ላይ ገባ። ባዮሎጂ ሦስተኛ ክፍለ ጊዜዋን አገኘች። አማቱ ወንበራቸውን ስበው አጠገቡ ተቀመጡ፤ በየጊዜው ጎኑን በመዳፋቸው ጀርባ ይዳስሳሉ፣ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ፣ ወደ ክራቸው ይመለሳሉ። ፀሐይ ሳትጠልቅ አርባ ሁለተኛው መምህር ቦታውን ያዘ።

እስከዚያው ሚስቱ የአምስት ደቂቃን ነገር ለእናቷ አጫውታቸዋለች፤ ፕሮግራሙን፣ የርዕሰ መምህርቷን ቃል፣ ልጁ ዛሬ ሐኪሙ ቤት ያየውን። አማቱ ስፌታቸውን እየቆጠሩ ሰሙ።

"የልጁ ማሽን ፈጣን ነው?" አሉ።

ፈጣን ነው፤ አዲስ ነው አለ ጋሼ ሰዓት።

"ምን ለብሷል?"

"ምንም።"

"ራቁቱን ነው?"

"ራቁቱን ነው፣ እማማ።"

የጀመሩትን ረድፍ ጨረሱ። ፊታቸው ላይ የሚነበብ ነገር የለም፤ ጨው አቀብል በይው ሲሉ የነበረው ፊት ነው።

"እስቲ ለክተህ አምጣልኝ" አሉ።

ዓርብ አራት ሰዓት ሊሆን ስምንት ደቂቃ ሲቀረው ድልድሉ ርዕሰ መምህርቷ ጠረጴዛ ላይ ተቀመጠ። መነጽሯን አድርጋ ከላይ እስከ ታች አነበበችው። የታሪክ መምህሩ ለምን ከምድር ቤት እንደማይወጡ ጠየቀችው፤ እንዲሁ ነው የገጠመው አላት። የባዮሎጂዋ ሦስተኛ ክፍለ ጊዜ ሳምንቱን ሙሉ ለምን ባዶ እንደሆነ ጠየቀችው፤ እሱም ገጥሞ ነው አላት። ስትፈርምበት እጇ አልቸኮለም።

"ለዚህ መንፈቅ ያንተ ይለጠፋል" አለችው፤ አንተ ያለችው ስትወድ ነው ወይስ ስትናደድ፣ አልለየም። "ለሚቀጥለው ግን ልጁም በራሱ ላፕቶፕ ያውጣ። ሁለቱን ጎን ለጎን አያለሁ። ድልድሉ ቀድሞ ላደረሰው ነው።"

ጋሼ ሰዓት እጅ ነሥቶ ወጣ። ደረጃው ላይ የታሪክ መምህሩ ምርኩዛቸውን ይዘው ቆመው ነበር። ራሱን ከፍ ዝቅ ሲያደርግላቸው እፎይ ብለው ትከሻቸው ወረደ። ደስ ሊለው ይገባ ነበር። መንፈቅ ግን ስድስት ወር አይሞላም፤ እሱ ያለው አሮጌ ማሽን ነው፤ ነገ ደግሞ ሌላ ቦታው መድከሙ አይቀርም።

ድልድሉ ከተለጠፈ በኋላ የመምህራን ማረፊያው ባዶ ነበር፤ አምስት ደቂቃ የሚሉት ልጅ ብቻ ጥግ ላይ ቆሞ ማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ የራሱን ክፍለ ጊዜዎች ይፈልጋል። የልጁ ላፕቶፕ ጠረጴዛው ላይ ተከድኖ ተቀምጧል። ስስ ነው፣ ብርማ ነው፣ ቀዝቃዛ ነው። ጋሼ ሰዓት አለፍ ብሎ ሄደ፤ ተመለሰ። ወደ ልጁ ጀርባ አየ። ከዚያ መዳፉን ዘርግቶ፣ አውራ ጣቱን ከአንዱ ጫፍ አስነሥቶ ስንዝር ለካ። በርዝመት አንድ ስንዝር ተኩል። በወርድ አንድ ስንዝር ከሁለት ጣት።

"ምን ሆነ ጋሼ?" አለ ልጁ ዘወር ብሎ።

"ምንም" አለ ጋሼ ሰዓት፣ እጁን ሳያነሣ። "ብርድ እንዳይመታው ብዬ ነው።"